በክርክርና በውሳኔ መካከል፦ በፍቺ ወቅት የመድንና የጋራ ገንዘብ ዕጣ

(በፋኩልቲው ወርኃዊ ሕዝባዊ ገለጻ ላይ የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ በተናጋሪዋ የታረመ)



አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርእስ «ፍቺና ንብረት» የሚል ነበር። አስፈቅጄ አጠበብሁት። ስለ ንብረት ክፍፍል በዚህ አዳራሽ ብዙ ተብሏል፤ የቤተሰብ ሕግ ትምህርት የወሰደ ሁሉ የጋራ ሀብት ለባልና ለሚስት እኩል እንደሚካፈል ያውቃል። ያንኑ ደግሞ ለእናንተ ማውራት ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብኛል። እኔ የምናገረው ከክፍፍሉ በፊት ስላለው ጊዜ ነው፤ ማለትም ባልና ሚስት መነጋገር ካቆሙበት ቀን አንሥቶ የመጨረሻው ውሳኔ እስኪፈጸም ድረስ ስለሚያልፉት ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት። በእኔ እምነት ፍቺ ከሚያስከትለው የገንዘብ ጉዳት የሚበዛው የሚደርሰው በዚህ ጊዜ ውስጥ ነው። ከሁሉ ቀድሞ የሚጠፋውም ማንም ልብ የማይለው፣ በንብረት ዝርዝር ላይም የማይጻፈው የመድን ዋስትና ነው።

ከራሴ ልጀምር። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ትዳሬ ፈረሰ። ይህን የማነሣው እንድታዝኑልኝ አይደለም፤ ስለሌላ ሰው ጥፋት ከመናገሬ በፊት የራሴን መናገር ስለሚገባኝ ነው። ከመሥሪያ ቤቴ የቁጠባና ብድር ማኅበር ተበድረን የገዛናት አንዲት መኪና ነበረችን። ሊብሬው በእኔ ስም ነው፤ ቁልፉ በእርሱ እጅ ነው፤ የብድሩ ክፍያ በየወሩ ከደመወዜ ይቆረጣል። የፍቺው አቤቱታ ከቀረበ ከአምስት ወር በኋላ ሙሉ ሽፋን ያለው የመድን ውላችን የሚታደስበት ቀን ደረሰ። የማሳሰቢያው ደብዳቤ ወደ ቢሮዬ መጣ። አነበብሁት፤ «የሚነዳት ይክፈል» ብዬ መሳቢያ ውስጥ ከተትሁት። እርሱ በበኩሉ ትራፊክ ፖሊስ የሚጠይቀውን የሦስተኛ ወገን ስቲከር ገዝቶ መስታወቱ ላይ ለጥፎ ነበር፤ የቀረው ደግሞ «በስሟ ያለ ንብረት ነው፤ እርሷ ታስብበት» የሚል ነበር። ሁለታችንም ምክንያት ነበረን። ሁለታችንም ጠበቃ ነበረን። ዐረቦኑ ወደ 11 ሺህ ብር ይጠጋ ነበር።

በሐምሌ ወር፣ ዝናብ በሚጥልበት ሌሊት፣ መኪናዋ ከቆመ የጭነት መኪና ጋር ተላተመች። እርሱ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ በሕይወት ተረፈ። ፍርድ ቤቱ ያዘዘው ባለሙያ ከሁለት ወር በፊት 420 ሺህ ብር የገመታት መኪና በ65 ሺህ ብር ለብረታ ብረት ነጋዴ ተሸጠች። ከብድሩ ግን 180 ሺህ ብር ቀርቶ ነበር። ዕዳው የትዳር ዕዳ ተብሎ እኩል ተካፈልነው። በዚያው የትምህርት ዘመን ለአራተኛ ዓመት ተማሪዎች የማስተምረው የመድን ሕግ ነበር። ከመካከላችሁ በዚያ ክፍል የተቀመጠ ካለ፣ ያን ሰሞን ለምን እንደዚያ ግልፍ እንደምል አሁን ይገባው ይሆናል።

በኋላ ብዙ አሰብሁበት። ሕጉ ምን ጎድሎት ነው? ብዙም አልጎደለውም። በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በአንቀጽ 62 ባልና ሚስት በግል ጥረታቸው የሚያገኙት ገቢ የጋራ ሀብታቸው ነው ይላል። አንቀጽ 63 ደግሞ ንብረቱ በአንዳቸው ስም ቢመዘገብም እንኳ የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር የጋራ ነው ብሎ ይገምታል። ክልሎችም ባወጧቸው የቤተሰብ ሕጎች ተቀራራቢ መንገድ ተከትለዋል። ሕጉ የጎደለው ነገር ካለ የሚያየው ዕቃን መሆኑ ነው፤ ቤት፣ መኪና፣ ከብት፣ አክሲዮን፣ በባንክ ያለ ገንዘብ። ቤት ባልና ሚስት እስኪስማሙ ድረስ ቆሞ ይጠብቃል። የመድን ውል ግን አይጠብቅም። ቀን የተቆረጠለት፣ በየጊዜው የሚከፈልበት፣ በአንድ ሰው ስም የተጻፈ የተስፋ ቃል ነው። ቀኑ ሲያልፍ የሚጠየቅበት ነገር አይኖርም፤ ከሞተ በኋላ ደግሞ ለማካፈል አይመችም።

ባልደረቦቼ እዚህ ላይ የሚያነሡትን ተቃውሞ ዐውቀዋለሁ። «በእኛ ሀገር ማን ኢንሹራንስ አለውና?» ይሉኛል። እውነት ነው፤ የዐረቦን ገቢ ከሀገሪቱ ጠቅላላ ምርት 1 በመቶ እንኳ አይሞላም። የግል መድን ኩባንያዎች እንደገና የተፈቀዱት በ1986 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት በ1968 ዓ.ም. ከተቋቋመው የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ሌላ አልነበረም። ነገር ግን መድን ስል የኩባንያ ውል ብቻ ማለቴ አይደለም። ዕድር መድን ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን መታወቂያ መድን ነው። ጡረታም መድን ነው። በዚህ ዐይን ካየነው ከመድን ውጭ የሆነ ቤተሰብ አናገኝም፤ በፍቺ ጊዜ ይህን መጋረጃ ሳያውቅ የማይቀድድ ቤተሰብም ጥቂት ነው።

ወደ ባንኩ ልሂድ፤ ጠብ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው እዚያ ነውና። ባልና ሚስት የጋራ ሂሳብ ሲከፍቱ ቅጹ ላይ አንዲት ትንሽ ቃል አለች፤ «እና» ወይም «ወይም»። «እና» ከሆነ ያለ ሁለቱ ፊርማ ሳንቲም አይወጣም። «ወይም» ከሆነ ማንኛቸውም ብቻውን ማውጣት ይችላል። በሰላም ጊዜ ለዚህች ቃል ቁብ የሚሰጣት የለም። ጠቡ ሲመጣ ግን «ወይም» የነበረው ሂሳብ በአንድ ማለዳ ባዶ ይሆናል፤ «እና» የነበረው ደግሞ ሁለቱም እልህ ስለሚጋቡ የልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ እንኳ የማይወጣበት የታሸገ ሣጥን ይሆናል። ሁለቱንም አይቻለሁ። ባለፉት ዓመታት ደግሞ ሦስተኛ ዓይነት ተጨምሯል፤ በስልክ ላይ ያለ ገንዘብ። ቴሌብር ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ እንዴት እንደተስፋፋ ታውቃላችሁ። በዚህ መንገድ የሚንቀሳቀስ ገንዘብ ደብተር የለውም፤ ቤት ውስጥ ሌላው ሰው ሊያየው የሚችል ወረቀት የለውም። ሆኖም ምዝገባው አለ፤ ፍርድ ቤት ሲጠይቅ የሂሳብ መግለጫው ይወጣል።

ሕጉ በአንቀጽ 64 አንዱ ተጋቢ የሌላውን ገቢ ሂሳብ እንዲያሳውቀው መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። ይህ መብት ለፍቺ ጊዜ የተቀመጠ አይደለም፤ ትዳሩ ሳለ የሚሠራ ነው። ነገር ግን በሰላም ጊዜ የሚጠይቅ ነውረኛ ይመስለዋል፤ በጠብ ጊዜ የሚጠይቅ ደግሞ ዘግይቷል። ስለዚህ ለአንዳንድ ሰዎች ስመክር የምለው ቀላል ነው፤ ጠብ ሲሸትታችሁ ከማንም ጋር ከመጣላታችሁ በፊት የእያንዳንዱን ሂሳብ መግለጫ፣ የእያንዳንዱን የመድን ውል፣ የብድር ውልና የዋስትና ሰነድ ቅጂ አንሡ። ይህ ስርቆት አይደለም። የጋራ የሆነ ነገር ማስረጃ መያዝ ነው።

በዕዳ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ጉዳዩ ከምናስበው በላይ ክፉ ነው። በአንቀጽ 68 መሠረት ከ500 ብር በላይ ለመበደር ወይም ለማበደር የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል። በ1992 ዓ.ም. 500 ብር ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ ለአንድ ኪሎ ሥጋ አይበቃም። ልኩ ሳይሻሻል ይህን ያህል ጊዜ መቆየቱ ድንጋጌውን ማንም የማያከብረው አድርጎታል ብዬ አስባለሁ። ይህን በመጣስ የተገባ ግዴታ እንዲፈርስ ሌላው ተጋቢ ሊጠይቅ ይችላል፤ ግን ባወቀ በስድስት ወር ውስጥ፣ በማንኛውም ሁኔታ ደግሞ ግዴታው በተገባ በሁለት ዓመት ውስጥ መሆን አለበት። ስድስት ወር በፍቺ ክርክር ውስጥ እንዴት እንደሚያልፍ ያየ ያውቀዋል። ቀጠሮ ይለወጣል፤ ሽማግሌ ይገባል፤ ፋሲካ ይመጣል፤ ክረምት ይገባና ችሎት ይዘጋል።

አሁን አንድ ስሌት አብረን እንሥራ። የባልና ሚስት የጋራ ሀብት 2 ሚሊዮን ብር ነው እንበል። ዕዳ ከሌለ ለእያንዳንዳቸው 1 ሚሊዮን ይደርሳል። ሕጉ ከክፍፍል በፊት ዕዳ ይከፈል ይላል። ባልየው ወንድሙን ያስመጣና የ600 ሺህ ብር የብድር ሰነድ ያቀርባል፤ ገንዘቡም «ለቤቱ ማደሻ ነው» ይላል። ፍርድ ቤቱ ካመነ የሚካፈለው 1 ሚሊዮን 400 ሺህ ይሆናል፤ ለየራሳቸው 700 ሺህ። ወንድምየው 600 ሺውን ተቀብሎ ለወንድሙ ይመልሳል። በውጤቱ አንዱ 1 ሚሊዮን 300 ሺህ፣ ሌላዋ 700 ሺህ ይዘው ይወጣሉ። እኩል የሚለው ቃል በወረቀቱ ላይ እንዳለ ነው። ባልየው አልሁ እንጂ ሴቶችም ይህን ሲያደርጉ አይቻለሁ፤ እህት ያላት ሰው ከወንድም ያላት አታንስም። መከላከያው ምንድን ነው? ገንዘቡ መቼ፣ በየትኛው ባንክ፣ ከማን ሂሳብ ወደ ማን ሂሳብ እንደገባ መጠየቅ ነው። ስድስት መቶ ሺህ ብር በፌስታል ይዞ የሚያበድር ወንድም ካለ፣ ዳኛው ጥቂት ተጨማሪ ጥያቄ ቢጠይቀው አይበዛበትም።

የእውነተኛው ዕዳ ጣጣ ደግሞ ዋስትና ነው። ባል ለጓደኛው ብድር ዋስ ሆኖ ፈርሟል፤ ሚስት አታውቅም። ፍቺው ተወስኖ፣ ንብረት ተከፋፍሎ፣ ሁሉም በየፊናው ከሄደ ከሦስት ዓመት በኋላ ባንኩ ይመጣል። በሽምግልና በነበርሁባቸው ጉዳዮች ሁሉ የመጀመሪያ ጥያቄዬ «ለማን ዋስ ሆናችኋል?» የሚል ነው። ብዙ ጊዜ መልሱ ዝምታ ነው። ከዝምታው በኋላ የሚመጣው ረጅም ታሪክ ነው።

ወደ ሕይወት መድን ልለፍ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ በ2013 ዓ.ም. በአዲስ ተተክቷል ሲባል ትሰማላችሁ፤ መድንን የሚመለከተው ክፍል ግን አልተተካም፤ እስከ ዛሬ የምንሠራው በአሮጌው ነው። በዚህ ሕግ መሠረት የሕይወት መድን የገባ ሰው ገንዘቡን የሚቀበለውን ተጠቃሚ ይሰይማል። ተጠቃሚ ከተሰየመ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 827 እንደሚለው ገንዘቡ ወደ ውርስ አይገባም፤ በቀጥታ ወደ ተሰየመው ሰው ይሄዳል። ተጠቃሚ ካልተሰየመ ወይም በደፈናው «ለወራሾቼ» ከተባለ ወደ ውርሱ ይቀላቀላል። ስለዚህ በውሉ ላይ የተጻፈችው አንዲት ስም ከኑዛዜ የበለጠ ኃይል ሊኖራት ይችላል። ኩባንያው የሚያየው ሰነዱን ነው፤ በቤቱ ውስጥ ማን ከማን ጋር እንደተጣላ አያውቅም።

አንዲት ሴት አንድ ጊዜ ቢሮዬ መጣች። ከባልዋ ከተፋታች አራት ዓመት ሆኗታል። እርሱ ሌላ አግብቶ፣ ሌላ ልጅ ወልዶ፣ በድንገት ዐርፏል። ከአንድ የመድን ኩባንያ ተደውሎላት «ተጠቃሚዋ እርስዎ ነዎት» ተባለች። በሠርጋቸው ዓመት በመሥሪያ ቤቱ በኩል የሞላው ቅጽ ነበር፤ ረስቶታል። «ገንዘቡን ልውሰደው ወይስ ኃጢአት ነው?» ብላ ነበር የጠየቀችኝ። የሕግ ጥያቄ አልነበረም። እኔ የመለስሁላት የሕጉን መልስ ነው፤ አሁን ሳስበው ጥያቄዋን አልመለስሁላትም። አዲሲቱ ሚስት ደግሞ ሕፃን ታቅፋ በሌላ ጠበቃ በኩል ደብዳቤ ጽፋላት ነበር።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በቨርጂኒያ ግዛት ሕጉ ፍቺ ሲወሰን የቀድሞ ትዳር ጓደኛን የተጠቃሚነት ስያሜ በራሱ ጊዜ ይሽራል። ነገር ግን የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች የሕይወት መድን በፌዴራል ሕግ የሚመራ በመሆኑ፣ የሀገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2013 በሰጠው ውሳኔ ዳግመኛ አግብቶ የሞተ አንድ ሠራተኛ ቅጹን ባለመለወጡ ገንዘቡ ለቀድሞ ሚስቱ እንዲሆን አድርጓል። እዚያ ያላችሁ ዘመዶች ካሏችሁ ይህን ንገሯቸው።

ስሙን ሳይጽፍ «ለባለቤቴ» ብሎ ብቻ የሚሞላም አለ። የትኛዋ ባለቤት? ውሉ የተፈረመ ዕለት የነበረችው ወይስ በሞቱ ዕለት የምትኖረው? የክርክር በር መክፈት ማለት ይህ ነው። በሌላ በኩል በቁጠባ መልክ የሚጠራቀም የሕይወት መድን ከጋራ ደመወዝ የተከፈለ ከሆነ፣ ውሉ ቢቋረጥ ተመላሽ የሚሆነው ገንዘብ የጋራ ሀብት ነው የሚል አቋም አለኝ፤ በንብረት ዝርዝሩም ሊገባ ይገባል። በአንቀጽ 62 ደመወዙ የጋራ ከሆነ፣ ደመወዙ የወለደው ነገር የግል የሚሆንበት ምክንያት አይታየኝም። የማይስማሙ ባልደረቦች እዚህ ተቀምጠዋል፤ በጥያቄው ሰዓት እንከራከራለን።

አሁን ዕድር። ሕግ ትምህርት ቤት ስለ ዕድር ብዙም አናስተምርም፤ ያሳዝነኛል። በብዙ የአዲስ አበባ ሰፈሮች የዕድር መዝገብ በአባወራ ስም ነው። ሚስቲቱ ሃያ ዓመት ሙሉ ድንኳን ስትተክል፣ ወጥ ስትሠራ፣ ንፍሮ ስትቀቅል፣ ለቅሶ ስትደርስ ኖራለች፤ ወርኃዊ መዋጮውንም አብዛኛውን ጊዜ ይዛ የምትሄደው እርሷ ናት። ፍቺው ሲመጣ መዝገቡ ላይ ያለው የእርሱ ስም ነው። እርሷ እንደ አዲስ ገቢ ትቆጠርና የመግቢያ ክፈይ ትባላለች፤ በዕድሜዋ ላይ የመግቢያው ገንዘብ ቀላል አይደለም። ያስመዘገበቻት እናቷ ብታርፍ ደግሞ ዕድሩ የማን እናት ብሎ ይመጣል? ይህን ጥያቄ ለፍርድ ቤት ያቀረበ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ዳኛው ምን ይል እንደነበር መስማት እወድ ነበር። አንዳንድ ዕድሮች በመተዳደሪያ ደንባቸው ለሁለቱም አባልነት ይከፍላሉ፤ የተፋቱትን ለየብቻ መዝግበው የቆየ መዋጮአቸውን ያስቡላቸዋል። ይህን የሠሩት ሕግ ያልተማሩ ሽማግሌዎች ናቸው፤ ከእኛ ቀድመውናል። በሽምግልና ስቀመጥ ዕድሩ በስምምነቱ ውስጥ በአንድ ዐረፍተ ነገር እንዲጻፍ አደርጋለሁ። አንድ ጊዜ ጠበቃ ስቆብኛል። ሴትየዋ ግን አለቀሰች።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ተጀምሮ ከዚያ በኋላ በሰፊው የተዳረሰ ነው። አባልነቱ በቤተሰብ ነው፤ መዋጮው በየዓመቱ ይታደሳል። መታወቂያው ግን አንድ ነው፤ አንዱ ይዞት ሲወጣ ሌላውና ልጆቹ ጤና ጣቢያ በር ላይ ይቆማሉ። በመሥሪያ ቤት በኩል የሚገኘው የቡድን የሕክምና መድንም እንዲሁ ነው። በንዴት ቀን አንድ ደብዳቤ ለሰው ሀብት ክፍል ይጻፍና የሚስት ወይም የባል ስም ከዝርዝሩ ይሰረዛል። ትዳሩ በሕግ ፊት ገና አልፈረሰም፤ ሽፋኑ ግን ፈርሷል። የመጀመሪያ ልጁን ሊወልድ የነበረ ሰው ይህን ሲያደርግ አይቻለሁ፤ ያስቆጣው ነገር ምን እንደነበር በኋላ ሲጠየቅ ማስታወስ አልቻለም።

ስለ ጡረታ አጭር ቃል ብቻ። ተተኪ ባል ወይም ሚስት የሟቹን አበል 50 በመቶ ያገኛሉ፤ ይህ ግን በሞቱ ዕለት ትዳሩ ላለ ሰው ነው፤ የተፋታ ሰው ተተኪ አይደለም። ልጆች ግን ልጆች ናቸው፤ የእነርሱ መብት በወላጆቻቸው ፍቺ አይነካም። ፕሮቪደንት ፈንድ ከዚህ ይለያል፤ በስም የተጠራቀመ ገንዘብ ስለሆነ በትዳር ጊዜ የገባው ክፍል በዝርዝሩ ውስጥ ሊገባ ይገባል። ብዙ ጊዜ ይረሳል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? መልሱ ያለው በሕጉ ውስጥ ነው፤ አንቀጽ 82። የፍቺ አቤቱታ እንደቀረበ ፍርድ ቤቱ ስለ ተጋቢዎቹ መተዳደሪያ፣ ስለ ልጆች አጠባበቅና ስለ ንብረት አስተዳደር ወዲያው ተገቢውን ትእዛዝ መስጠት አለበት። «የንብረት አስተዳደር» የሚለው ቃል ሰፊ ነው። የመድን ውሎች እንዳይቋረጡ፣ ዐረቦኑን ማን ከየትኛው ገንዘብ እንደሚከፍል፣ የተጠቃሚ ስም እስከ ውሳኔው ድረስ እንዳይለወጥ፣ የሕክምና መድን ዝርዝር እንዳይነካ ማዘዝ በዚህ ቃል ውስጥ ይገባል ብዬ አምናለሁ። ችግሩ ማንም አለመጠየቁ ነው። በፍርድ ቤት ደጃፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው አቤቱታ የሚጽፉትን ሰዎች አንድ ቀን አጠገባቸው ተቀምጬ አየኋቸው። ቅጹ በቃላቸው ነው፤ ቤት፣ መኪና፣ የቤት ዕቃ፣ ወርቅ፣ በባንክ ያለ ገንዘብ። መድን የሚል ቃል አንድም አቤቱታ ላይ አልሰማሁም። ዳኛ ያልተጠየቀውን አይሰጥም።

ዕግድ ይጠየቃል፤ ያ ደግሞ የራሱ አደጋ አለው። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 154 መሠረት ቤቱ እንዳይሸጥ ለመሬት አስተዳደር፣ ሊብሬው እንዳይዛወር ለትራንስፖርት፣ ገንዘቡ እንዳይወጣ ለባንክ ደብዳቤ ይጻፋል። የመጨረሻውን ልብ በሉልኝ። ሂሳቡ በጅምላ ሲታገድ ከዚያው ሂሳብ በየወሩ የሚቆረጠው የቤት ብድርም ይታገዳል፤ ዐረቦኑም ይታገዳል፤ የትምህርት ቤቱም ክፍያ ይታገዳል። ንብረቱን ለማዳን የወጣው ዕግድ የመድን ሽፋኑን ይገድልና ብድሩን ወደ ቅጣት ወለድ ይከታል። ባንኩ መያዣ የያዘውን ቤት ለሐራጅ ሲያወጣው፣ በዚያው ቤት ላይ ሁለት ዓመት የተከራከሩ ባልና ሚስት ዕግዱን በኩራት ያሳያሉ። ስለዚህ ዕግድ የምትጠይቁ ሁሉ፣ በተለይ ጠበቃ ለመሆን የምትዘጋጁ ተማሪዎች፣ «ከብድር ክፍያ፣ ከመድን ዐረቦንና ከልጆች ትምህርት ክፍያ በስተቀር» የምትል ሐረግ ጨምሩ። ዳኞች አይቃወሟትም። እኔ በጠየቅኋቸው ጊዜ የተቃወመኝ አንድም የለም።

ለራሴስ ቢሆን? በዚያን ጊዜ ጠበቃዬ በአቤቱታው ላይ አንድ መስመር ቢጨምር፣ ወይም እኔ መሳቢያዬን ከፍቼ 11 ሺህ ብሩን ከፍዬ ግማሹ እንዲታሰብልኝ ብጠይቅ፣ ነገሩ በዚያ ያበቃ ነበር። ሕጉ ይፈቅድልኝ ነበር፤ መኪናዋ እንድትድን ጥቅም ያለው ሰው ሁሉ መድን ሊገባላት ይችላል፤ ለዚህ የማንም ፈቃድ አያስፈልግም ነበር። አልከፈልሁም። ከከፈልሁ የተሸነፍሁ መስሎኝ ነበር። የቀድሞ ባለቤቴም ከዓመታት በኋላ ስለዚህ ስንነጋገር ያለኝ ተመሳሳይ ነገር ነው፤ በልጃችን ምረቃ ላይ ቡና እየጠጣን።

የፋኩልቲያችን የነጻ ሕግ ድጋፍ ማዕከል ከመጪው ወር ጀምሮ ለፍቺ ጉዳይ የሚመጡ ባለጉዳዮች የሚሞሉት አንድ ገጽ መጠይቅ ይጀምራል። ያዘጋጀነው ከሁለት የማስተርስ ተማሪዎች ጋር ነው። የመድን ውል፣ የሚያበቃበት ቀን፣ የተጠቃሚ ስም፣ ዕድር፣ የጤና መድኅን መታወቂያ በማን እጅ እንዳለ፣ ዋስትና፣ በስልክ ያለ ገንዘብ፤ ሁሉም ተካትቷል። ቅጂው በመውጫው በር ላይ ተቀምጧል፤ የጎደለ ነገር ካያችሁ በእርሳስ ጽፋችሁ መልሱልን። ዕድሩን በተመለከተ የተዘጋጀው ጥያቄ ገና አላረካኝም፤ ከእናንተ መካከል የዕድር ዳኛ የሆነ ሰው ካለ ከገለጻው በኋላ ባናግረው ደስ ይለኛል።

እነሆ፣ ሰብሳቢው ሰዓቱን እያሳዩኝ ነው። ጥያቄዎቻችሁን ልስማ።